ለጥቅምት አንድ አጥንት፦ ለብርዳማ የዓሣ ማጥመጃ ጠዋት ሾርባና ትኩስ መጠጥ አዘገጃጀት

በታኅሣሥ ጠዋት ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር መንጠቆ ጥሎ የተቀመጠ ሰው ብርድ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። መጀመሪያ የእግር ጣት ነው። ቀጥሎ ክር የሚይዙት የእጅ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ትል መንጠቆ ላይ መሰካት ያቅታል። ፀሐይ ሳትወጣ አንዱ «ብንሄድስ?» ይላል። ዓሣው ግን ገና አልነቃም።

እኔና ጓደኞቼ ከአራት ኪሎ እየተነሳን ቢሾፍቱ ስንመላለስ ዓመታት ሆነን። መጀመሪያ ሰሞን መፍትሔው ልብስ ብቻ ይመስለን ነበር። ጃኬት በጃኬት ላይ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ እንደርብ ነበር። ልብስ ግን ሰውነት ያለውን ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ አዲስ ሙቀት አይጨምርም። ሙቀት የሚመጣው ከበላነውና ከጠጣነው ነው። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ብርድ የሚሸነፈው ዋዜማውን፣ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ ፊት ነው። ይህ መመሪያም በአብዛኛው የምድጃ ሥራ ነው።

«ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል ያለ ምክንያት አልመጣም። ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ይጠራል። ደመና ከሌለ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱና ንጋቱ ግን ብርዳም የሚሆነው ለዚህ ነው። ያ አንድ አጥንት መረቅ ሆኖ ይጠጣል። ከታች ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ

ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይይዝና ጨረስኩ ይላል። ሻዩ እስከ 2 ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ መብላት ይቀንሳል። በብርዱ ወራት ደህና የሚይዘው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ዳር ዳሩን ካሞቀች በኋላ ነው። እኛ ግን ቦታ ለመያዝና ንፋስ ሳይነሳ ለመጀመር በ12 ሰዓት እንደርሳለን። ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ሙሉ በሙሉ የመጠበቅ ጊዜ ነው። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከሚሠራ ሰው ቶሎ ይበርደዋል።

ስለዚህ ለአራት ሰው የምይዘው እንዲህ ነው። ለንጋት 2 ሊትር ጣፋጭ የቅመም ሻይ። ለ2 ሰዓት ተኩል ገደማ 2 ሊትር ሾርባ። ረፋዱ ላይ 1 ሊትር አጥሚት። ከእነዚህ ሌላ 1 ሊትር ባዶ የፈላ ውሃ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይንቁታል። ጥቅሙን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ፔርሙዙ

ለዚህ ሥራ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን። ውስጡ ብርጭቆ የሆነው ለቤት ጥሩ ነው፤ ሙቀትም በደንብ ይይዛል። ጀልባ ላይ ግን አይሆንም። አንዴ የኔው ከወንበር ላይ ወደ ጀልባው ወለል ወደቀ። ከውጭ ምንም አልሆነም። ሻይ ስቀዳ ኩባያው ውስጥ አንድ ነገር አብለጨለጨ። የብርጭቆ ስብርባሪ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ሊጠጣ ወደ አፉ እያስጠጋ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ያለው ፔርሙዝ ከቤት አላወጣም። እናንተም ከወደቀ አናውጡት። ከውስጡ የሚንሿሿ ድምፅ ካለ በውስጡ ያለውን ሁሉ ድፉት።

ለሾርባና ለአጥሚት አፈ ሰፊውን ምረጡ። ጠባብ አፍ ያለው አንድ ቁራጭ ካሮት ከገባበት ይዘጋል። ሲታጠብም እጅ አያስገባም።

ከመግዛት ቀጥሎ የሚመጣው መፈተን ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የፈላ ውሃ ሙሉበት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ክፈቱት። ቀድታችሁ ሳትነፉ መጎንጨት ከቻላችሁ ሙቀቱ ወርዷል፤ ሾርባ አይታመንበትም። ሾርባና ወተት ያለበት ነገር ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ተህዋስያን መራባት ይጀምራሉ። ለሻይ ብዙም አያስጨንቅም። ለሥጋ መረቅ ግን ያስጨንቃል።

አንድ ሌላ ነገር ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ይያያዛል። እኛ ጋ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። አራት ኪሎ አካባቢ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይንፈቀፈቃል። ከባሕር ጠለል ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ፔርሙዛችን ገና ከቤት ሲወጣ 8 ዲግሪ ተበድሮ ነው የሚወጣው። በቀዝቃዛ ፔርሙዝ ውስጥ ከቀዳንበት ደግሞ ብረቱ ሌላ ይወስዳል። ለዚህ ነው ቀድሞ ማሞቅ የግድ የሚሆነው። የፈላ ውሃ ሙሉበት፣ ክደኑት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ድፉትና ወዲያውኑ ትኩሱን ቅዱ። እስከ አፉ ድረስ ይሙላ። ባዶ ቦታ ከቀረ ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል።

የአጥንት መረቅ

ቅዳሜ የምትሄዱ ከሆነ መረቁን ሐሙስ ማታ ሥሩት። ዓርብ ጾም ነው፤ መቅመስ አይቻልም። ሳይቀመስ ጨው የተጨመረበት ሾርባ ደግሞ ምን እንደሚወጣው አይታወቅም።

ሉካንዳ ስትሄዱ 2 ኪሎ አጥንት ጠይቁ። ግማሹ ቅልጥም፣ ግማሹ የመገጣጠሚያ አጥንት ይሁን። ቅልጥሙ ጣዕም ይሰጣል። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጅማትና ልም አጥንት ደግሞ መረቁን ያወፍረዋል። «ወንድሜ፣ በመጋዝ ቁረጥልኝ» በሉት። በመጥረቢያ የተፈለጠ አጥንት ስብርባሪ ይተዋል፤ ስብርባሪው ጥርስ ይሰብራል።

አጥንቱን ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። ደረቅ ብረት ድስት ላይ ወይም ከሰል ላይ ትንሽ ጠበስ አድርጉት። ቡናማ መልክ ሲይዝ ይበቃል። ይህችን እርምጃ የሚዘል ሰው አለ። የሚዘል ሰው መረቅ ነጣ ያለና ለዛው የጠፋ ይሆናል።

ትልቅ ድስት ውስጥ አጥንቱን አስገቡና 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ከቀዝቃዛ መጀመሩ ቆሻሻው ቀስ ብሎ ተንሳፎ እንዲወጣ ያደርጋል። መፍላት ሲጀምር ግራጫ አረፋ ይወጣል። በጭልፋ እየሰበሰባችሁ ጣሉ። አጠገቡ ቁሙ፤ ይህ 15 ደቂቃ ያህል ነው። አረፋው ሲያልቅ እሳቱን ዝቅ አድርጉት። ከዚህ በኋላ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በኃይል ከፈላ ስቡ ከውሃው ጋር ተመትቶ ይደፈርሳል።

ስንት ሰዓት? ለእኛ ከተማ 6 ሰዓት እላለሁ። ውሃችን በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ አጥንትም፣ ጥራጥሬም ቆላ ካለ ሰው ድስት ይልቅ እኛ ጋ ይዘገያል። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ሰው ግን በ2 ሰዓት ይጨርሳል። ድስቱ ሲታፈን የመፍያው ሙቀት ከፍ ስለሚል ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ካላችሁም ይህ ድስት ይገላግላችኋል። በኤሌክትሪክ ምድጃ 6 ሰዓት የምትቀቅሉ ከሆነ ከሥራ እንደገባችሁ ጣዱ። ከራት በኋላ የጀመረ ሰው እስከ ሌሊት ቁጭ ይላል።

ከ4 ሰዓት በኋላ ቅመሙ ይግባ። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት የተከፈለ። አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት። የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ደቀቅ ያለ። ሁለት ካሮት። የሦስት ኮረሪማ ፍሬ ተፈልፍሎ በሙቀጫ ሰንጠቅ የተደረገ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ካገኛችሁ ትንሽ ጦስኝ። ቅመሙ ገና ሲጀመር ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ያልቃል፤ ጎረቤት ያሸተዋል እንጂ እናንተ አትጠጡትም። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። መረቁ እየቀነሰ ስለሚሄድ መጀመሪያ የተጨመረ ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል። በሁለት የሻይ ማንኪያ ጀምሩና ቅመሱ። ለውጭ የሚጠጣ ሾርባ ከቤቱ ትንሽ ጨው ጠንከር ቢል አይከፋም።

በወንፊት አጥሉት። 2 ሊትር ተኩል ያህል ይወጣል። መቅኒውን ከቅልጥሙ አራግፉና ያን ማታ በትኩስ ዳቦ ብሉት። ሾርባው ውስጥ አትፍጩት። ምክንያት አለኝ።

የከብት ስብ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይረጋል። ሐይቅ ዳር፣ በቀዝቃዛ ኩባያ ውስጥ፣ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ሻማ የላሳችሁ ይመስላችኋል። ከንፈር ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ አብርዱት። እንደበረደ ፍሪጅ ይግባ። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ላይ እንዲያድር አትተዉት። ዓርብ ጠዋት ላዩ ላይ ነጭ ስብ እንደ ክዳን ረግቶ ታገኙታላችሁ። አንስታችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ አስቀሩ። ከሥሩ ያለው መረቅ ከረጋ ሥራችሁ ሠምሯል። በስቡ ምትክ ቅዳሜ ንጋት ስታሞቁት አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምሩ። ቅቤ ከከብት ስብ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥ ኩባያ ውስጥ ቶሎ አይረጋም። ሽታውም ሌላ ነው።

ወፍራም ይሁን የምትሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለአፍጥር ከሚሠሩት ሾርባ ተማሩ። አራት የሾርባ ማንኪያ አጃ መረቁ ውስጥ ጨምራችሁ 20 ደቂቃ አማስሉ። ወፈር ያለ ሾርባ ከቀጭኑ ይልቅ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ሆድም ይይዛል። ማኮሮኒና ሩዝ ግን አትጨምሩ። ፔርሙዝ ውስጥ ያብጡና ሾርባውን ይጠጡታል። ሐይቅ ዳር ስትደርሱ የምታገኙት ገንፎ ነው።

ጾም ሲሆን

የብርዱ ወራትና የነቢያት ጾም አንድ ላይ ናቸው። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገና ይዘልቃል። ያን ጊዜ መረቅም ቅቤም የለም። የእኛ ቡድን ግማሹ ጿሚ ነው፤ ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ሁላችንም አንድ የጾም ሾርባ እንጠጣለን። ሁለት ዓይነት መሸከም አድካሚ ነው። ደግሞ አብሮ ከአንድ ፔርሙዝ መቅዳት ደስ ይላል። ቅዳሜና እሑድ እንደ ሌላው ቀን እስከ 9 ሰዓት መቆየት ስለሌለ ጿሚውም ጠዋት መጠጣት ይችላል። በሌላው ቀን የምትሄዱ ከሆነ ግን ሰዓቱን አስቡበት። የሚጾም ጓደኛችሁ ፊት ኩባያ እያጨሳችሁ እንዳትቀመጡ።

የጾሙ ሾርባ ምስር ክክ ነው። ሁለት ብርጭቆ ክክ ለቅማችሁ እጠቡ። ድስት ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቆ በትንሽ ዘይት ይብሰል፤ እንዳይጠቁር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት ይግባ። ክኩን ጨምራችሁ 10 ብርጭቆ ውሃ ሙሉ። 45 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ፈርሶ ሲቀላቀል በማማሰያ በደንብ ምቱት። በቁንዶ በርበሬና በጨው ጨርሱ። ከወፈረ የፈላ ውሃ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ አትጨምሩ። ሎሚ ፔርሙዝ ውስጥ አይገባም። ሙሉውን ሎሚ ኪስ ያዙና ኩባያው ላይ ጭመቁ። ያን ጊዜ ሾርባው አዲስ ይሆናል።

ሚጥሚጣ የሚወድ ይኖራል። በትንሽ ብልቃጥ ለብቻ ያዙ። ብዙ ሚጥሚጣ ያሞቀ ይመስላል፤ ግን ያልባል። ላብ ደግሞ ሲደርቅ ያበርዳል። ከዚያም በሚጥሚጣ ጣት ዓይን መንካት አለ።

የንጋቱ ሻይ

ለ2 ሊትር ውሃ ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ ስምንት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ጥቂት ሄል፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል። መጀመሪያ ቅመሙ ብቻውን 15 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሻይ ቅጠል ጨምሩ። 4 ደቂቃ። አውጡና አጥሉት። ቅጠሉ ፔርሙዝ ውስጥ ከገባ እዚያም መውጣቱን አያቆምም። በ2 ሰዓት ላይ የምትቀዱት ጥቁርና መራራ ይሆናል። ስኳሩን ቤት ጨምሩ። ሐይቅ ዳር በደነዘዘ ጣት የስኳር ፌስታል መፍታት ከባድ ነው። ከቤት ልማዳችሁ ትንሽ አጣፍጡት፤ ስኳር ሰውነት ቶሎ የሚያነደው ማገዶ ነው።

ወተት አትጨምሩ። ወተት ያለው ሻይ ለብ እያለ ሲሄድ ይበላሻል፤ የክዳኑ ላስቲክም ይሸታል።

ካፌዎቻችን የሚሠሩት የለውዝ ሻይ ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ይመስለኛል። የጾም ነው፣ ቅባት አለው፣ ጣፋጭ ነው። ለ1 ሊትር የፈላ ቀጭን ሻይ አምስት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በጥቂት ሻይ በጥብጡ። እንክብል ሲጠፋ ቀሪውን ጨምራችሁ አንዴ አፍሉት። ስኳር ወይም ማር ይጨመር። ሲቆይ ስለሚዘቅጥ ከመቅዳታችሁ በፊት ፔርሙዙን ገልበጥ ገልበጥ አድርጉ።

ቡና? ቡናን ቤት ጠጥታችሁ ውጡ። የጀበና ቡና ፔርሙዝ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ቡና አይደለም። ጤና አዳም ጣል አድርጋችሁ አንድ ሲኒ ከመውጣታችሁ በፊት በቂ ነው።

አጥሚትና በሶ

ረፋድ ላይ ፀሐይ ቢወጣም ከሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሳል። ጠዋት የጠጣችሁት ሁሉ አልቋል። ያን ጊዜ አጥሚት የሚሠራውን ሌላ ነገር አይሠራም። አጥሚት ለአራስና ለታመመ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ብርድ ላይ የተቀመጠም ሰው ኃይል ይፈልጋል።

አራት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ከፈላ ውሃ ጋር በቀጥታ ካገናኛችሁት ይጓጉላል። ሌላ አራት ብርጭቆ ውሃ አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። 20 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ። ጥሬ ዱቄት ዱቄት ማለቱ መጥፋት አለበት። ጨው ቆንጠር፣ ማር ሁለት ማንኪያ፣ ጾም ካልሆነ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ። ከቤት ሲወጣ ቀጠን ብሎ ይውጣ። ፔርሙዝ ውስጥ ይወፍራልና። ቡላ ያለው ሰው በአጃው ፋንታ ሦስት ማንኪያ ቡላ ይጠቀም፤ እሱ ይበልጥ ይለሰልሳል።

አሁን ስለ ባዶው የፈላ ውሃ። በሶ ቀድሞ የተቆላ ገብስ ነው፤ መቀቀል አይፈልግም። በትንሽ ዕቃ በሶና ስኳር ቀላቅላችሁ ደረቁን ያዙ። ሁሉ ነገር ካለቀ፣ ወይም ጉዞው ከታሰበው ከረዘመ፣ ኩባያ ውስጥ ሦስት ማንኪያ በሶ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ጨምሩ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚጠጣ ምግብ ነው። ያው ውሃ የደነዘዘ እጅ ለማሞቅ፣ የወፈረ አጥሚት ለማቅጠን፣ የተቆረጠ ጣት ለማጠብም ይሆናል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ከታንኳ ወደ ውሃ ወድቆ ተንቀጥቅጦ ወጣ። እርጥብ ልብሱን አወለቅንለት፣ በጋቢ ጠቀለልነው፣ በሶውን ለብ አድርገን ቀስ በቀስ አስጎነጨነው። በመጀመሪያ ግን ልብሱን ነው ያወለቅነው። እርጥብ ልብስ ለብሶ ሾርባ መጠጣት ዋጋ የለውም። የሚንተባተብ ወይም የሚያንቀላፋ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ በአፉ ምንም አትስጡት። ትን ሊለው ይችላል። አድርቃችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አረቄ

ይህን በግልጽ ልናገር። አረቄ አያሞቅም። ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ፊትና ደረት ይግላል። ያ ግለት ከውስጥ ወደ ቆዳ የወጣ ሙቀት ነው፤ ከቆዳ ወደ አየር ይሄዳል። ልብና ሆድ አካባቢ ያለው ሙቀት ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጀልባ ላይ ሚዛን ያሳጣል። ብዙዎች ብርድ ሲመጣ በልማድ ይጠጡታል፤ እኔ ግን በውሃ ላይ የሚጠጣ ሰው ጋር አንድ ጀልባ አልገባም።

የመነሻው ሌሊት

ዓርብ ማታ ሁሉንም ደርድሩ። ፔርሙዞች፣ የብረት ኩባያዎች፣ ማንኪያ፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ፎጣ፣ ሳሙና። ሳሙናውን አትርሱ። ትልና ሊጥ የነካ እጅ ኩባያ ከመያዙ በፊት መታጠብ አለበት።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነሱ። መጀመሪያ ማሞቂያውን ውሃ ጣዱ። ፔርሙዞቹ እየሞቁ ሾርባው ሌላ ድስት ላይ ይሙቅ። ሾርባው እስኪንፈቀፈቅ ድረስ ይፍላ፤ «ሞቀ» ማለት አይበቃም። 5 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። ከዚያ ቅዱ። ፔርሙዞቹን ፎጣ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አቁሙ። በጋቢ የተጠቀለለ ፔርሙዝ ከባዶው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ በቤቴ ፈትኜዋለሁ።

ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጋችሁ በፈጣኑ መንገድ ከወጣችሁ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም። እዚያ ስትደርሱ ክዳኑ እንቢ ሊላችሁ ይችላል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ከተማ ስለሆነ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎትም በርዶ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስባል። በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በተቃራኒው ወደ ባሌ፣ ወደ ዲንሾ የምትወጡ ከሆነ፣ ሽቅብ ስለሆነ ሲከፈት ይተፋል። የዌብን ወንዝ ትራውት ዓሣ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ፔርሙዙን ከፊቱ አርቆ ይክፈት። እዚያ ብርዱም ከቢሾፍቱ የባሰ ነው። ቦታው ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለዚያ ጉዞ ሾርባውን ከሁለት ሊትር በላይ አስቡት።

አንዴ ከተቀዳ በኋላ ክዳኑን ወዲያው መልሱ። ኩባያውን ግማሽ ብቻ ቅዱ። ሙሉ ኩባያ ግማሹ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጠጣት በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። መጀመሪያ ለታላላቆች ይቀዳ። ጎን ያለው አጥማጅ የማታውቁት ቢሆንም «ጋሼ፣ አንድ ኩባያ?» በሉት። ሐይቁ የት ጋ እንደሚይዝ የሚነግራችሁ ሰው እሱ ነው።

ከሾርባና ከቆሎ በስተቀር ሌላ ምግብ ብዙ አያስፈልግም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ዳቦ ቆሎ ሳልይዝ አልወጣም። ሾርባው ውስጥ ጣል ጣል ይደረጋል።

ዓሣው ከተያዘ

እሳት ማንደድ የሚፈቀድበት ቦታ ከሆናችሁ የመጨረሻው ሾርባ ከራሱ ከሐይቁ ይመጣል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ተጠቀሙ። ስንጥቡን (ዓሣው የሚተነፍስበትን) ከጭንቅላቱ ውስጥ አውጡ፤ ያመርራል። በቀዝቃዛ ውሃ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ጣዱት። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥ። የዓሣ አጥንት እንደ ከብት አጥንት አይደለም። ብዙ ከቆየ መራራና ሽታ ያለው ይሆናል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ የጠጣ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል፤ የራሳችሁ ዓሣ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው።

ቤት ስትመለሱ

ድካም ቢኖርም ፔርሙዙን ያን ዕለት እጠቡ። የተረፈ ሾርባ ለብ ካለ ይደፋ፤ ለማግሥቱ አይቀመጥም። ላስቲኩን ከክዳኑ ነቅላችሁ ለብቻ እጠቡት፤ ሽታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጠባቡ ውስጥ እጅ ካልገባ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝና ትኩስ ውሃ አስገብታችሁ ናጡት። የሻይ ቀለም ካልለቀቀ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በፈላ ውሃ ይደር። ጠዋት አለቅልቁና ክዳኑን ሳትገጥሙ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አስቀምጡት።